የሰቆጣ ጀንበር ስንት ሰዓት ትጠልቃለች? ቤት ውስጥ ስለሚሠራ የሶላት ሰዓት



ጊዜው ረመዳን 1437፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2008 ዓ.ም ነበር። ያን ጊዜ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ መምህር ነበርን። አንድ ምሽት ከመስጂዱ በር ላይ ተምር ይዘን ስንጠባበቅ በስልካችን የተጫነው የአዛን ፕሮግራም ጮኸ። ተምሩን ወደ አፋችን ስናቀርብ አጠገባችን የነበሩ አንድ አባት እጃችንን ያዝ አደረጉና ወደ ምሥራቁ ተራራ አመለከቱን። የተራራው ጫፍ ገና የፀሐይ ብርሃን ነበረበት። «ኡስታዝ፣ ስልክህ ቸኮለብህ» አሉን። እውነትም ቸኩሎ ነበር። ፕሮግራሙ የተስተካከለው ለአዲስ አበባ ነበርና።

ያቺ ምሽት የቅዳሜና እሁድ ሥራችንን ሰጠችን። በኢስላማዊ ጥናት ተመረቅን እንጂ የኤሌክትሮኒክስ ሰው አልነበርንም። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽቦ፣ ባትሪና ትንንሽ ቦርዶች የዕረፍት ቀናችንን ወሰዱት። በዚህ ጽሑፍ የሶላት ሰዓት የሚያሳይ መሣሪያ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከጀርባው ምን ዓይነት ስሌት እንዳለ፣ ምን ላይ መጠንቀቅ እንደሚገባና የትኛው ጉዳይ ለመሣሪያ እንደማይተው በቅደም ተከተል እናያለን።

የአዲስ አበባና የሰቆጣ ልዩነት

አገራችን የምትጠቀምበት ሰዓት በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ የተመሠረተ ነው። ሰቆጣ ግን የምትገኘው በ39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ የ6 ዲግሪው ልዩነት 24 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ሰቆጣ ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትደርሰው በአማካይ 6፡24 ላይ ነው። በዓመቱ ውስጥ ፀሐይ ከሰዓታችን የምትቀድምበትና የምትዘገይበት ጊዜ ስላለ ይህ ቁጥር ይዋልላል። በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ እስከ 6፡07 ይወርዳል፣ በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ደግሞ እስከ 6፡38 ይወጣል። ዙህር የሚገባው ፀሐይ ከዚህ ነጥብ ዘንበል ስትል ነው።

አዲስ አበባም በኬንትሮስ ለሰቆጣ ቅርብ ስለሆነች በዙህር ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከኬክሮስ ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን፣ ሰቆጣ ደግሞ በ12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ትገኛለች። ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር የሰኔ ቀን ይረዝማል፣ የታኅሣሥ ቀን ያጥራል። በሰኔ አጋማሽ ጀንበር አዲስ አበባ ላይ 12፡46 ገደማ ስትጠልቅ ሰቆጣ ላይ 12፡52 ገደማ ትጠልቃለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ላይ 12፡11 ሲሆን ሰቆጣ ላይ 12፡03 ነው።

እነዚህን ደቂቃዎች ከጾም ጋር እናያይዛቸው። በሰኔ ረመዳን የአዲስ አበባን ሰዓት ተከትሎ ሰቆጣ ላይ የሚያፈጥር ሰው ጀንበር ሳትጠልቅ ያፈጥራል። የሱብሂው ደግሞ ይብሳል። በዚያው ወር ጎህ ሰቆጣ ላይ የሚቀደው ከአዲስ አበባ 9 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ሱሑር የሚበላ ሰው ጎህ ከቀደደ በኋላ ይበላል። በታኅሣሥና በጥር ረመዳን ግን ችግሩ ኢፍጣርን ያለምክንያት ማዘግየት ይሆናል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደፊት ስለሚመጣ በአውሮፓውያኑ 2030 በጥርም በታኅሣሥ መጨረሻም ሁለት ጊዜ ይገባል። ያኔ የሰቆጣ መግሪብ ከአዲስ አበባው 7 ደቂቃ ያህል ይቀድማል።

መጀመሪያ በእንጨትና በገመድ

ለጀማሪ የምንመክረው የመጀመሪያ ሥራ ምንም ባትሪ አይፈልግም። ሜዳ ላይ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ይተከላል። ቀጥ ማለቱ ድንጋይ በታሰረበት ክር ይረጋገጣል። በእንጨቱ ዙሪያ በገመድ ክብ ይሠመራል። ጠዋት የእንጨቱ ጥላ እያጠረ መጥቶ ጫፉ ክቡን የሚነካበት ቦታ ላይ ጠጠር ይደረጋል። ከሰዓት በኋላ ጥላው እየረዘመ ሄዶ ክቡን በሚነካበት ቦታ ላይ ሁለተኛ ጠጠር ይደረጋል። ሁለቱን ጠጠሮች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብን ያሳያል። ከመስመሩ አጋማሽ ወደ እንጨቱ የሚሳበው መስመር ደግሞ ሰሜንና ደቡብን ይሰጣል። የቀደሙት ሙስሊም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ይህን ዘዴ «የሕንድ ክብ» እያሉ ይጠቀሙበት ነበር።

ሰሜን ከተገኘ ቂብላ ቀላል ነው። ሰቆጣ ከመካ በስተደቡብ፣ በቀጥታ መስመር 980 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ሲሆን፣ ቂብላዋ ከትክክለኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ያዘነበለ ነው። መሬት ላይ ለማመልከት ከእንጨቱ 1 ሜትር ወደ ሰሜን ይለካል፤ ከዚያ 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ወደ ቀኝ ይኬዳል። ከእንጨቱ ወደዚያ ነጥብ የሚሳበው መስመር ቂብላ ነው። ከኮምፓስ ይልቅ ይህን የምንመርጠው የኮምፓስ መርፌ በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በግድግዳ ውስጥ ባለ ብረትና በስልክ ጭምር ስለሚሳብ ነው።

ሥራችንን የምናረጋግጥበት ቀንም አላህ ሰጥቶናል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦት 19 ወይም 20 እና ሐምሌ 8 ወይም 9፣ ፀሐይ በትክክል ከካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። የሳዑዲና የእኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ በግንቦቱ ቀን 6፡18፣ በሐምሌው 6፡27 ላይ ፀሐይዋ ያለችበት አቅጣጫ ራሱ ቂብላ ነው። ጥላው በተቃራኒው ይወድቃል። ሰቆጣ ላይ የ2 ሜትር እንጨት በዚያ ሰዓት 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ሐምሌ ደመና ስለሚበዛበት የግንቦቱን ቀን ባያሳልፉት መልካም ነው።

ይህን ከልጆች ጋር ስንሠራ አንድ ነገር ያስገርማቸው ነበር። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ሰቆጣ ላይ የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን ነው። በሁለቱ መለወጫ ቀናት የተተከለ እንጨት ለጥቂት ደቂቃ ጥላ አልባ ይሆናል። ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ የዙህርንና የዐስርን ወቅት ማስረዳት ድካም የለውም።

ከዚያ ወደ ሰዓቱ

ሁለተኛው ሥራ መስጂድ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የሶላት ሰዓት ነው። የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ናቸው። የሚያሰላ ቦርድ፣ ጊዜ የሚጠብቅ ክፍል፣ ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳና የኃይል ምንጭ።

ለስሌቱ የምንጠቀመው አርዱዊኖ የሚባለውን ቦርድ ነው። ይህ ቦርድ በ2005 ጣሊያን አገር ኢቭሪያ ከተማ ውስጥ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራ ነው። ማስታወሻው 32 ኪሎ ባይት ብቻ ነው፤ ከስልካችን ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም። ለሶላት ስሌት ግን ይበቃል፣ ይተርፋልም። ፕሮግራሙ የከተማውን ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዲሁም ቀኑን ይወስዳል፤ ፀሐይ በዚያ ቀን ከምድር ወገብ ምን ያህል ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እንደሆነች ያሰላል፤ ከዚያ አምስቱን ወቅቶች ያወጣል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ክፍል ብዙዎች የሚንቁት ነው። ቦርዱ ማስላት እንጂ ሰዓት መጠበቅ አይችልበትም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ይረሳል። ስለዚህ ቀን ተሌት የምትቆጥር፣ የራሷ ክብ ባትሪ ያላት አነስተኛ የሰዓት ቺፕ ትያያዛለች። ዲ ኤስ 3231 የምትባለው ቺፕ ሙቀትን እየለካች ራሷን ስለምታስተካክል በዓመት የምትሳሳተው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ርካሿ ዲ ኤስ 1307 ግን በተለመደው ክሪስታል በዓመት 10 ደቂቃ ያህል ልትሳሳት ትችላለች። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ በሚፈራረቅበት ደጋ ልዩነቱ ይጎላል።

ይህን የተማርነው በራሳችን ጥፋት ነው። የመጀመሪያውን ሰዓት ሠርተን ባጠናቀቅን ማግስት በደስታ ወስደን መስጂዱ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። በውስጡ የነበረችው ቺፕ ላይዋ የተጻፈውን እንዳልሆነች አላወቅንም። በሳምንት አንድ ደቂቃ ያህል ትቀድም ነበር። በወሩ መጨረሻ 4 ደቂቃ ሲደርስ ያስተዋሉት ሙአዚኑ ናቸው። ጊዜው ረመዳን ባለመሆኑ አላህን አመሰገንን። ጀንበር የጠለቀች መስሎት ያፈጠረና በኋላ አለመጥለቋን ያወቀ ሰው ቀዷእ አለበት ማለት የአብዛኞቹ ዑለማእ አቋም ነውና፣ የአንድ ጀማሪ ጥድፊያ የጀማዓውን ጾም ሊነካ ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰዓት ለ30 ቀን ቤታችን ሳይፈተን ወደ መስጂድ አይገባም። በየጁሙዓው ከትክክለኛ ሰዓት ጋር እያነጻጸርን በደብተር እንጽፋለን።

«ሁሉም ሰው ስልክ አለው፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ይኖራል። ለዋግ ሰው ይህን ጥያቄ መመለስ ከባድ አይደለም። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ዋግ ኽምራ ሲደርስ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ነበር። ስልክ ያለ ቻርጅ ዝም ይላል። ግድግዳ ላይ ያለ፣ ከፀሐይ የሚበላና ከማንም የማይጠይቅ ሰዓት ዋጋው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ኃይሉ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ቦርዱና የቁጥር ሰሌዳው አንድ ላይ 0.75 ዋት ገደማ ይፈጃሉ እንበል። በ24 ሰዓት 18 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 7 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይመከር የምንጠቀምበት 42 ብቻ ነው። ይህም ፀሐይ ጭራሽ ባትወጣ ለሁለት ቀን ይበቃል። 10 ዋት የሶላር ፓኔል በቀን ለ5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 50 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። በክረምት ደመና እንኳ ግማሹ ቢገኝ ሰዓቱ አይቆምም።

ሦስት ጥንቃቄዎች ግን ሊታለፉ አይገባም። አንደኛ፣ ፓኔሉና ባትሪው በቀጥታ አይገናኙም፤ መሀላቸው የቻርጅ መቆጣጠሪያ ይግባ። ሁለተኛ፣ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ይደረግ። ትንሽ የምትመስል ባትሪ ሁለቱ ሽቦዎቿ ሲነካኩ ሽቦውን አቅልጣ ቤት ታቃጥላለች። ሦስተኛ፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ የሊትየም ባትሪዎችን ያለ መከላከያ ሰርኪት መጠቀም አደገኛ ነው። አንዱ ባትሪ ከ4.2 ቮልት በላይ ከተሞላ ሊፈነዳና ሊቃጠል ይችላል። የቤት መብራት 220 ቮልቱን ደግሞ ልጆች ጨርሶ እንዳይነኩት። ሥራው ሁሉ በባትሪ ሊሠራ እየቻለ ለሕይወት መዳፈር ተገቢ አይደለም።

መሣሪያው የማይወስነው

ስሌቱን ስንጽፍ ማሽን ሊመልሳቸው የማይችላቸው ጥያቄዎች ይገጥሙናል። የመጀመሪያው የሱብሂና የዒሻእ ነው። ፀሐይ ከአድማስ በታች ስንት ዲግሪ ስትሆን ነው ጎህ ቀደደ የሚባለው? የግብፅ ስሌት 19.5 ይላል፤ የዓለም ሙስሊም ሊግ 18፤ የመካው ኡሙል ቁራ 18.5፤ በሰሜን አሜሪካ የተለመደው አንዱ ስሌት 15። በእኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ ከ4 ደቂቃ ትንሽ ስለሚበልጥ በ15 እና በ19.5 መካከል ከ18 ደቂቃ በላይ ልዩነት አለ። ሁለት ጎረቤታሞች ስልካቸው የተለያየ የሚላቸው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የዐስር ነው። በሻፊዒይ መዝሃብ ዐስር የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ፣ ከእኩለ ቀኑ ጥላ ሌላ፣ ቁመቱን ሲያክል ነው። በሐነፊይ መዝሃብ የታወቀው አቋም ደግሞ ሁለት እጥፍ ሲሆን ነው። በአገራችን ሁለቱም መዝሃቦች ተከታይ አላቸው። በፕሮግራሙ ውስጥ ልዩነቱ የአንድ ቁጥር ነው፤ 1 ወይም 2። ያን ቁጥር የሚመርጠው ግን ካውያ የያዘው ሰው አይደለም። እኛ ሁሌም ቁጥሮቹን በወረቀት ይዘን ወደ መስጂዱ ኢማምና ወደ አካባቢው ዑለማእ እንሄዳለን። እነርሱ የሚሉትን እንጽፋለን።

ሦስተኛው ተራራ ነው። ስሌት የሚሰጠን በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ያለ አድማስን ነው። ዋግ ኽምራ ደግሞ ሜዳዋ ጥቂት ነው። ከሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው ፀሐይ ከተራራ ጀርባ ስትደበቅ ጠለቀች ይላል፤ ግን አልጠለቀችም። ከፍ ያለ አምባ ላይ ሆኖ ዝቅ ያለ አገር የሚያይ ሰው ደግሞ ጀንበሯን ከስሌቱ በኋላም ለደቂቃዎች ሊያያት ይችላል። ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በ2011 የዱባይ ዑለማእ 828 ሜትር በሚረዝመው ቡርጅ ኸሊፋ ውስጥ ከ80ኛ ፎቅ በላይ የሚኖሩ 2 ደቂቃ፣ ከ150ኛ ፎቅ በላይ ያሉት 3 ደቂቃ ጠብቀው እንዲያፈጥሩ መክረዋል። እንግዲህ ሰው በሠራው ፎቅ ይህ ከታሰበ፣ አላህ በፈጠረው አምባ ላይ ለሚኖር ገበሬ ሊታሰብ ይገባል። ሰዓቱ ይረዳናል፤ ያዩትን ዓይኖች ግን አይተካም። እኚያ የሰቆጣ አባት የተራራውን ጫፍ ሲያሳዩን ያስተማሩን ይህንኑ ነው።

ይህ ሥራ የእኛው ነው

በትርፍ ጊዜ ብረትና ሽቦ መነካካትን ከቁም ነገር የማይቆጥሩ ወላጆች አሉ። ታሪካችን ግን ሌላ ይላል። በዲያር በክር ይኖር የነበረው አል-ጀዘሪ በ1206 ባጠናቀቀው መጽሐፉ 50 የሚሆኑ መሣሪያዎችን አሠራር ከነሥዕላቸው አስቀምጧል፤ በውሃ የሚሠራው የዝሆን ሰዓት አንዱ ነው። በደማስቆ የኡመውያ መስጂድ የሶላት ጊዜ ጠባቂ የነበረው ኢብኑ ሻጢር በ1371 ለመስጂዱ ሚናራ የሠራው የእብነ በረድ የጥላ ሰዓት እስካሁን በታሪክ ይወሳል። በእነዚያ መስጂዶች ጊዜ ጠባቂነት ደመወዝ ያለው ሥራ፣ ሒሳብ ደግሞ የዒባዳ አገልጋይ ነበር።

በዘመናችንም በአገራችን ምሳሌ አይጠፋም። የወልቂጤው ወጣት ኢዘዲን ካሚል በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ እጅ ሳይነካው ሳሙና የሚሰጥ መሣሪያ ሠርቶ በዓለም የዜና ማሰራጫዎች ተወርቶለታል። አስመላሽ ዘፈሩ ከመጽሐፍና ከዩቲዩብ እየተማረ በገዛ እጁ ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ በ2007 ለማብረር ሞክሯል። ሙከራው አልተሳካለትም፤ ግን ሰው ከቤቱ ግቢ ተነሥቶ የት ድረስ ሊያስብ እንደሚችል አሳይቶናል።

 ሰቆጣም ሆነ አምደወርቅ፣ ልጁ ራዲዮ ፈቶ መግጠም የሚወድ ወላጅ ልጁን ከመቆጣት ይልቅ አንድ ቴስተር ቢገዛለትና የፊውዝን ነገር ቢያስረዳው መልካም ነው። የመድረሳ አስተማሪዎቻችንም የሶላት ወቅቶችን ሲያስተምሩ አንድ እንጨትና አንድ ገመድ ይዘው ወደ ሜዳ ይውጡ። ተማሪው የዐስርን ጥላ በእጁ ከለካው አይረሳውም።

ሶላት ጊዜው የተወሰነ ግዴታ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ ማወቅ የኢማምና የሙአዚን ሸክም ብቻ ሊሆን አይገባም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ምንም ባይቻል ስልካችሁን አውጡና የአዛኑ ፕሮግራም የትኛውን ከተማና የትኛውን ስሌት እንደያዘ ተመልከቱ። ሰቆጣ ተቀምጦ አዲስ አበባ የሚል ከሆነ አስተካክሉት። ከዚያም ምሽት ላይ ወደ ተራራው ጫፍ ቀና ብላችሁ እዩ።

አላህ ጾማችንንና ሶላታችንን ይቀበለን። ወላሁ አዕለም።